እማየና ሃይድሮሊኩ መሪ

ዓለምነው እጁ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቅ ይሁን፤ ግን ቀርፋፋ ወርቅ ነው! ከጧት ጀምሮ ደብረ ማርቆስ መውጫ ላይ ካለችው ጋራዡ ቆሜ አንዲት ቡሎን ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ ደግሞ ሲያጠብቅ አያለሁ። ተቀመጥ ይለኛል። የት ልቀመጥ? መቀመጫው ሁሉ እሾህ ሆኖብኛል።

«ዓለምነው፣ ጌቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል እኮ!»

«ይምጣ። እኔ ምን ላድርገው?»

«መኪናዬን ሊወስድ ነው የሚመጣው!»

«እንግዲያው ዝም በልና አሠራኝ» አለ፣ ከመኪናው ሥር እግሩ ብቻ እየታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይቺ ላንድክሩዘር የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ ወዲህ ግማሿ የእኔ፣ ግማሿ የእናቴ የማሬ ነች። ከቁይ ወደ ታች፣ ሚኒባስ አፍንጫውን በማያስገባበት መንገድ፣ ሰውና እህል የማመላልሰው በእሷ ነው። መሪዋ ግን የጥንት ነው፤ በጉልበት ብቻ ነው የሚዞረው። ባለፈው ክረምት ቁልቁለት ስወርድ የፊት ጎማው ድንጋይ መታ፤ መሪው ከእጄ አምልጦ ዞረና ግራ ክንዴን ሰበረኝ። መኪናዋ ገደሉ አፍ ላይ ቆመች። ተሳፋሪው ሁሉ በእግዜር ቸርነት ተረፈ። ክንዴን ወጌሻ አሸው፣ ሐኪም አሰረው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። መኪናዋ ቆማ እንኳ ያን መሪ ላዞር ስታገል ላብ ያጠምቀኛል።

እማየ «ትሸጥ» አለች። እኔ «ሞቼ እገኛለሁ» አልኩ። መንዳት ካልቻልኩ እኔ ምን ልባል ነው? ከሹፌርነት ሌላ የማውቀው የለኝ! ተጯጯህን፣ ተኮራረፍን፤ በመጨረሻ የነፍስ አባታችን ቄስ ገዳሙ ፊት ቀርበን ቃል ተገባባን። የጉንደ ወይኑ ነጋዴ ጌቱ ሊገዛ በሚመጣበት ቀን እኔው ራሴ ነድቼ ከዚሁ ከጋራዡ በታች ካለው ወንዝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት ከወጣሁ መኪናዋ አትሸጥም። ካቃተኝ ቁልፉን በገዛ እጄ ለጌቱ እሰጣለሁ። የነፍስ አባት ፊት የተገባ ቃል ደግሞ እንደ ገበያ ቃል አይደለም፤ አይታጠፍም።

ለዚህ ነው ዓለምነውን ሙጥኝ ያልኩት። ከተጋጨ መኪና ላይ የወረደ ፓምፕና የመሪ ሳጥን ፈልጎ አገኘልኝ። ሃይድሮሊክ መሪ የሚሉት ነው፤ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይት በቱቦ ይገፋል፤ ዘይቱ ሹፌሩን ያግዛል። ድንጋይ ቢመታም ምቱን ዘይቱ ይውጠዋል እንጂ ክንድ አይሰብርም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ገጠመው። ፊቷን በክሪክ አንስተን፣ ዘይት ሞልተን፣ ሞተሩን አስነስተን፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር እንዲወጣ መሪውን ወዲያና ወዲህ አዞርኩት። ዞረ! በዚች በሰባራ እጄ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ዓለምነው ሞተሩን አጠፋና «አየሩ ጨርሶ ይውጣ፤ የዘይቱን ክዳን ክፍት ተወው» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ያኔ እማየ በባጃጅ መጣች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጠበል የሞላ ጀሪካን ይዛ። እኔን ቀና ብላ ሳታይ ጎማውን ረጨች፣ ወንበሩን ረጨች፣ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስንት ወር ስትረግማት የከረመችውን መኪና! እንባዬ መጣ። ራርታልኛለች አልኩ። እንዳታየኝ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁና ጌቱ ጋ ደወልኩ።

«ባትለፋ ይሻልሃል» አልኩት።

«መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋብኝ።

ተመልሼ ሞተሩን አስነሳሁ። ፓምፑ አቃሰተ፤ ቀጥሎ ጮኸ። መሪው ትንሽ ዞሮ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ። ክንዴ ላይ ያ የማውቀው ውጋት መጣ።

«አንተ ሌባ! የሞተ ፓምፕ ነው የሰጠኸኝ!» ብዬ አምባረቅሁ።

ዓለምነው ሞተሩን አጠፋና በክፍቱ ክዳን ወደ ውስጥ አየ። ቀይ የነበረው ዘይት ነጥቶ፣ አረፋ ደፍቆ፣ አሬራ መስሏል።

«ውሃ ማን ጨመረበት?»

«እኔ ነኝ» አለች እማየ። «ምነው?»

«እማማ ማሬ! እዚህ ውስጥ?»

«ታዲያሳ! ጠበል ይረጫል ብቻ እንዴ? ይጠጣልም እንጂ። አፉን ከፍታችሁ ትታችሁት አገኘሁ፤ አጠጣሁት።»

ዓለምነው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን ሳቅ የት አባቱ!

«እማየ! እንድነዳ ብለሽ ስትጸልዪ ፓምፑን ገደልሽው እኮ!»

«እንድትነዳ? ማን እንድትነዳ አለ?» ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ልጄን እንዲለቅልኝ ነው የለመንኩት። ያን ቀን በቃሬዛ ሲያመጡህ ያየሁት እኔ ነኝ። አንተማ ራስህን ስተህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ደጅ ወጥቼ ቃሬዛ እጠብቃለሁ። አንተ አይገባህም።»

ያ ሁሉ ንዴት የት እንደገባ እንጃ። ከእኔ ጋር ስትጣላ የከረመች ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስትፈራ ነው የከረመችው።

«እንግዲህ ጸሎትሽ ደርሷል» አልኳት።

ጌቱ ከሰዓቱ ቀድሞ ደረሰ። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «እህስ፣ ዳገቱን ወጣህ?» አለኝ። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ቃል ነው። እጄን ስዘረጋ እማየ አንጓዬን ያዘች።

«ተው» አለችኝ።

«ቃል አለብን እማየ።»

«ቃሉ ልጄ ካቃተው ነበር። ልጄ መቼ አቃተው? ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እጄን አስገብቼ፣ ቄስ ገዳሙ ፊት ‹አቃተው› ብዬ ልዋሽ ነው? ሂድ ጌቱ፤ የሚሸጥ የለም።»

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የጠሩኝ?»

«እኔ ነኝ። እኔው ጠራሁህ፣ እኔው መለስኩህ።»

ጌቱ እያጉረመረመ ሄደ። ዓለምነው የተበላሸውን ዘይት አፍስሶ፣ በአዲስ ዘይት ደጋግሞ አጠበው። ፓምፑ ዝም እስኪል ድረስ ጋራዡን ስዞር ዋልኩ። ዝም ሲል፣ ሌባ ያልኩትን ሰው ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቅ ዘልዬ ወንበሬ ላይ ወጣሁ። በዚያኛው በኩል በሩ ተከፈተ። እማየ ነጠላዋን ሰብስባ ገባች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ከወጣህም አብሬህ፤ ከወደቅህም አብሬህ።»

ወንዙ ጋ ወረድንና አዞርኩ። ያ ድንጋያም ዳገት ፊቴ ቆመ። መሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። የመጀመሪያው ድንጋይ ጎማውን መታው። መሪው እጄ ላይ ነቅነቅ አለ እንጂ አልዞረም። ጠመዘዝኩት፤ እሺ አለኝ።

«እማየ! አየሽ? አየሽው?»

ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ እንደ ቅድሙ ይንቀሳቀሳል።

«ኧረ ግለጪና እይ!»

«አንተ መንገዱን እይ። እኔ እየለመንኩ ነው።»

«ደግሞ ምን ብለሽ?»

«አሁንማ ምን እላለሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ልጄ እንዲነዳ ነዋ።»

ማርሹን ቀነስኩና ቀስ ብዬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ።