የእማዬ አገጭ

ከሥራ ተመልሳ የመኝታ ቤቱን በር ስትከፍት እናቷ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከጆሮ እስከ ጆሮዋ የወንዶች መላጫ አረፋ ተለድፎባታል፤ በቀኝ በኩል አገጯ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ደሙ ወደ አንገቷ ይወርዳል። ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምላጩን ብርጭቆ ውስጥ ያለቀልቃል።

«አትቆጪ፣ ሚጢ» አለ ዞር ሳይል። «የድሮ የሥራ ባልደረቦቿ ሊጠይቋት እየመጡ ነው። ጢሟን አንጨፍርራ ትታያቸው?»

ምላጩን ከእጁ ነጠቀችው። ቀኙን ጨርሶ ግራውን ሊጀምር ነበር።

እናታቸው ርእሰ መምህርት ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ ፊቷን ሳታሰማምር ደጅ አትወጣም። አገጯ ላይ የሚበቅለውን ወፍራም ፀጉር ከሴት ልጇ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ሁለቱ በር ዘግተው ይቀመጡና ልጅቱ ቆዳውን ወጠር አድርጋ ስትይዝላት፣ እናትየው መስተዋት እያየች በትንሿ የፀጉር መንቀያ ማሽን ከሥሩ ትነቅለዋለች። «ስንቱን ረባሽ ተማሪ ልክ አስገብቼ ይቺ አቃተችኝ» ትል ነበር፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። በድንገት የመታት ሕመም ቀኝ ጎኗን አስሮ አንደበቷን ከዘጋው ወዲህ ግን ማሽኗም ጠፋች፤ የቤቱ ሰውም ስለ እሷ እዚያው ፊቷ ላይ፣ እንደሌለች ቆጥሮ ማውራት ለመደ።

ማሽኗን የወሰደችው የወንድምየው ሚስት ናት። ልጅቱ ይህን የሰማችው ዛሬ ነው። ምሳዋን ትታ ሄዳ ስትጠይቃት ሴትየዋ ምንም ሳታፍር «እሳቸው አሁን ምን ያደርጉበታል?» ብላ ማሽኗን መለሰችላት። ያቺ ቃል እስከ ማታ ደረቷ ውስጥ እንደ ፍም ስትለበልባት ዋለች። አሁን ደግሞ ይሄ።

ወንድሟ አሳቢነቱን ይዘረዝር ጀመር፤ አዲስ ምላጭ መግዛቱን፣ ውሃ ማሞቁን፣ እሷ ሥራ ውላ ሸክሙ በእሱ ላይ መውደቁን። አላስጨረሰችውም።

«ውጣልኝ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ወጣ። አረፋውን በእርጥብ ፎጣ ጠርጋ ቁስሉ ላይ ጥጥ ጫነች። እናቷ ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠች ናት። ልጅቱ እጇ ሥራ ካልያዘ የሆነ ነገር የምትሰብር መሰላትና ማሽኗን ከቦርሳዋ አወጣች። መንቀያዎቹ መሃል የሰው ፀጉር ተጠቅጥቆ፣ ላብና ቅባት ደርቆበት ይሸታል። የማሽኗን ጭንቅላት ፈታች። በትንሽ ብሩሽ እያገላበጠች ጠረገችው፣ አልኮል በነከረችው ጥጥ አንድ በአንድ ወለወለችው፤ እያንዳንዱን የፀጉር ጥቅል ስታወጣ ያቺን ሴት በሆዷ እየሰደበቻት። ጭንቅላቷን መልሳ ገጠመችና ለሙከራ ብታበራት ማሽኗ አጉረመረመች።

እናቷ ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች።

«ዛሬ አይሆንም፣ እማዬ። የተቆረጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ሲድን እናደርገዋለን» አለቻትና አጥፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት።

ሳሎን ውስጥ የእንግዶች ድምፅ ተሰማ። ወንድሟ በሩን አንኳኩቶ መምጣታቸውን ነገራት። ልትመልሳቸው ተነሣች፤ ከዚያ ቆም አለች። እማዬን የጠየቃት ሰው የለም። እሷ ራሷም አልጠየቀቻትም።

ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ይግቡ? ወይስ ልመልሳቸው?»

እናቷ ራሷን አልነቀነቀችም። ግራ እጇን ቀስ ብላ ዘረጋች፤ ማሽኗን ከአልጋው ላይ አነሣች። አውራ ጣቷ ማብሪያውን ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው አገኘው። ምላጩ ወዳልደረሰበት ወደ ግራ አገጯ ወሰደቻት። ባልለመደው እጇ ማሽኗ ተንጋዳ አንዱን ፀጉር ነቅላ ሌላውን ዘለለች። ልጅቱ ቆዳውን በፎጣው ጫፍ አደረቀችና በሁለት ጣቷ ወጠር አድርጋ ያዘችላት። መስተዋት አልነበረም። ለእናቷ መስተዋቱ የልጇ ፊት ሆነ።

«ምን ልበላቸው?» አለ ወንድሟ ከበሩ ወዲያ።

«ይጠብቁ በላቸው።»

«ምን እየሠራችሁ ነው? ምንድነው የሚጮኸው?»

የበሩ እጀታ ዝቅ ማለት ጀመረ። እናትየው ማሽኗን ከአገጯ ሳታነሣ ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች። በዚያ ዓይን ውስጥ ያለው ቁጣ ከታመመች ጀምሮ ማንም ያላየው፣ በአንድ ወቅት የትምህርት ቤቱን ግቢ ሁሉ ጸጥ ያሰኝ የነበረ ቁጣ ነው። ልጅቱ የገዛ ንዴቷ ከዚያ ቁጣ አጠገብ ትንሽ መስሎ ታያት።

በሩ ገርበብ ብሎ እዚያው ቆመ።