ከግራ ሦስተኛው ጠርሙስ

ልጅቷ ኬሚስትሪን የምታውቀው በሽምደዳ ነበር፤ የቤተ ሙከራውን ጠርሙሶች ሳይቀር። ከግራ ሦስተኛው ውሃ፣ አራተኛው ሰልፈሪክ አሲድ። ጠርሙሶቹ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም አንድ ልክ ናቸው። የተለጠፈባቸውን ወረቀት ግን አንድም ቀን አንብባ አታውቅም፤ ቦታውን ካወቁ ማንበብ ምን ይሠራል ባይ ነበረች።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተግባር ፈተና ቀን መምህሩ አጠገቧ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ብርጭቆው ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ አለ፤ የቀረው ውሃ መጨመር ብቻ ነው። እጇን ሰደደችና ሦስተኛውን ጠርሙስ አነሳች።

ከበዳት። ሙሉ የውሃ ጠርሙስ ምን ያህል እንደሚመዝን እጇ ያውቃል፤ ይሄኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ብርጭቆው ላይ አዘንብላው ሳለ ክው ብላ ቀረች። ቀስ ብላ አቃናችና ወረቀቱን አነበበች። ሰልፈሪክ አሲድ።

ሶዳው ላይ ብታፈሰው ኖሮ እየፈላ ዓይኗ ውስጥ ይገባ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉ መምህሩ።

ጠርሙሱን መልሳ አስቀመጠችና ቀና አለች። አጠገቧ ካለው በር ላይ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣ እናቷ፣ መወልወያዋን ተደግፋ በኩራት ታያታለች።

«አየሽልኝ?» አለቻት በሹክሹክታ። «ትናንት መደርደሪያውን ወልውዬ፣ ሙሉውን ከሙሉ፣ ጎደሎውን ከጎደሎ አሰለፍኩልሽ። ዛሬ እንዳትደናገሪብኝ ብዬ እኮ ነው።»