ሁለተኛው ቁልፍ

«ዳኛው መነጽሩን አወለቀ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ በመሐረቡ ጠረገው፣ ነጠላ ሰረዝ፣ መልሶ አደረገው፣ አራት ነጥብ» አለች አንባቢዋ።

«‹አደረረገው› ይላል የኛው ጉድ» አሉ ጋሽ ሰረዝ። በቀይ እስክሪብቶአቸው አንዲቷን ፊደል ቆረጧት። «አንደኛዋ ረ ሳትጠራ የመጣች ናት። ቀጥይ የኔ ልጅ።»

በዚህ ማተሚያ ቤት እርማት የሚሠራው በሁለት ሰው ነው። አንዱ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ ይዞ ቃሉንም ምልክቱንም ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላው ለእርማት ታትሞ የመጣውን ፕሩፍ ዘርግቶ ይከተላል፤ የሰማውና ያየው ካልገጠመ የሰማውን ይጽፋል። አራሚ ቀና ብሎ ረቂቁን አያይም፤ አይከራከርምም። «አፍ ይመራል፣ እጅ ይከተላል» ይላሉ ጋሽ ሰረዝ። እውነተኛ ስማቸውን ሠራተኛው ሁሉ ረስቶታል። ያለቦታዋ ስለገባች አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከአንድ ደራሲ ጋር እንደተኳረፉ ሰውየው ሞተ፤ ቀብሩ ላይም «ነፍሱን ይማር፤ ሰረዟን ግን አልምርለትም» ብለዋል ይባላል።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ያልተሸጡ መጻሕፍት መስኮቱን እስከ ግማሽ ድረስ ስለሸፈኑት ብርሃኑ የሚገባው ከላይ ብቻ ነው። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ሲከፈት ደግሞ የአንባቢዋን ወንበር ይመታል። እሷ ካልተነሣች ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም።

የያዙት መጽሐፍ አንድ ጡረተኛ ዳኛ የጻፉት ልብ ወለድ ነው። ፍትሕን የሚያፈቅር ዳኛ፣ አንድ ድሃ የመጋዘን ዘበኛ ላይ ሳይወድ ይፈርድና ዕድሜውን ሙሉ ሲያዝን ይኖራል። አንባቢዋ መጀመሪያ ላይ ምንም አልጠረጠረችም። ድሃ ዘበኛ የት አገር ጠፍቶ! ቀስ በቀስ ግን ጥርጣሬዋ እየጨመረ ሄደ። የጠፋው ጣቃ ጨርቅ ነው። ችሎቱ የዋለው የጣሪያው ቆርቆሮ በዝናብ ሲደበደብ ነው። የዘበኛው የግራ እጅጌ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። ያን የአባቷን እጅጌ የጣፈችው እናቷ ናት። ከትክክለኛው ቀለም ክር አልቆባት ነበር።

አባቷ አልሰረቀም። «አጥፍቻለሁ በል፣ ይቀልልሃል» ብለው ጠበቃውም፣ ዘመዱም፣ መርማሪውም ለምነውታል። እሱ ግን አሻፈረኝ ብሎ ፍርዱን እስከ ጫፉ ጨረሰ። ሲወጣ እናቷ አልጠበቀችውም፤ ቀድማው ተቀብራለች። ጥርሱም ጉልበቱም ሄዷል። የቀረው አንድ ነገር ቢኖር ያላጠፋውን አጥፍቻለሁ አለማለቱ ነው። እሱንም እንደ ርስት ነው የሚጠብቀው።

መጽሐፉ ላይ ዘበኛው ተንበርክኮ አጥፍቻለሁ ይላል። ያን የሰፈር ሰው ያነበዋል። አባቷም ያነበዋል፤ እስር ቤት ሳለ ማንበብ ለምዷል።

ለማን ትናገር? አሠሪዋ «ዘንድሮ የሚያበላን ይሄ መጽሐፍ ነው፤ ሰውየውን እንደ እንቁላል ያዙልኝ» ብላለች። የአባቷ መድኃኒትና የኪራይ ቤቷ ደግሞ በሷ ደመወዝ ላይ ተንጠልጥለዋል። ማታ ማታ አባቷ «ዛሬ ምን አነበብሽ?» ሲላት «ስለ ንብ እርባታ» ትለዋለች። አባቷም የዋህ ነው፣ አሁን አሁን «ንቦቹ እንዴት ዋሉ?» ማለት ጀምሯል። እሷም ስለ ንብ የማታውቀውን ሁሉ ስትፈጥርለት ታመሻለች።

ገጹን ገለጠች። መስመሩ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ በዓይኗ ቀድማ ሄዳ አይታው ተመልሳለች።

«የመጨረሻ ቃልህ ምንድን ነው አለው ዳኛው፣ አራት ነጥብ።»

«ሰላም ነው» አሉ ጋሽ ሰረዝ፤ የሰሙትና ያዩት ገጥሟል።

የዳኛው የእጅ ጽሑፍ ያማረ ነው፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። *ዘበኛው ተንበረከከ፤ አጥፍቻለሁ ጌታዬ አለ።* አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን በልጅነቷ፣ በችሎቱ የኋላ አግዳሚ ላይ፣ በእናቷ ክንድ ሥር ሆና የሰማችው ነው።

«ዘበኛው ቀና ብሎ ቆመ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ቁልፉ ሁለት ነበር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሁለተኛውን ማን እንደያዘው ጠይቁልኝ አለ፣ አራት ነጥብ።»

አስባበት አልነበረም። ጋሽ ሰረዝ «እህ» አሉና የታተመውን መስመር በሙሉ ሰርዘው የሰሙትን በኅዳጉ ላይ ጻፉ።

«ፊደል ለቃሚው ዛሬ ምን ጠጥቶ ነው? መስመር ሙሉ የራሱን ይፈጥራል? ቀጥይ።»

ተሳሳትኩ ማለት ትችል ነበር። ቀጠለች።

እኩለ ቀን ሳይሞላ በሩ ወንበሯን መታት። ደራሲው ዳኛ ናቸው። ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ካልተነሣች አይገቡምና። ዳኛው ሰው ሲነሣላቸው የለመዱ ስለሆኑ ልብ አላሉም።

«የችሎቱን ምዕራፍ አንብቡልኝማ» ብለው በመጻሕፍት ክምር ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጋሽ ሰረዝ ከታረመው ላይ አነበቡላቸው። ‹ቁልፉ ሁለት ነበር› ላይ ሲደርሱ የዳኛው ዓይን ተገለጠ።

«ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

«ረቂቁ ላይ ካለ እርስዎ ነዎታ።»

«ግሩም ነው!» አሉ ዳኛው ጭናቸውን መታ አድርገው። «ለሰውየው ግርማ ይሰጠዋል። የዳኛውም ኀዘን ይጠልቃል። አያችሁ፣ እጅ አንዳንዴ ከባለቤቱ ይበልጣል። ይቆይ!»

አንባቢዋን ሐሰቱን ማንበብ ከብዷት ነበር። እውነቱን እንዲህ እንደ ጌጥ ሲያጠልቁት ማየት የባሰ ሆነ።

«ክቡርነትዎ» አሉ ጋሽ ሰረዝ አገጫቸውን እያከኩ። «እኔ የሰረዝ ሰው ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ቁልፉ ሁለት ከሆነ፣ ሲፈረድበት አንባቢ ‹ሁለተኛውስ?› አይልም? ዳኛው ለምን አልጠየቀም?»

«በጊዜው እኮ…» አሉ ዳኛው። እጃቸውን ወደ ረቂቁ ዘረጉ፤ ሰጠቻቸው። የገዛ ጽሑፋቸውን አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

«አንቺ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከአባቴ።»

«አባትሽ ደራሲ ናቸው?»

«አይደለም። መጋዘን ጠባቂ ነበር።»

በግድግዳው ማዶ ማተሚያው ይንገጫገጫል። ጋሽ ሰረዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት።

«ልብ ወለድ እኮ ነው» አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ይሁን። አባቴ ግን አልተንበረከከም።»

ዳኛው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከመጻሕፍት ጀርባ በቀር የሚታይ አልነበረም።

«ይሰረዝ» አሉ ጋሽ ሰረዝን። «እንደ ረቂቁ ይመለስ።»

ጋሽ ሰረዝ እስክሪብቶአቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው አፏን ጠበቁ። ትዕዛዝ ከዳኛም ይምጣ ከንጉሥ፣ አፍ ካላለ እጅ አይጽፍም። ዳኛውም ጠበቁ። አንባቢዋ ስለ ኪራዩ አሰበች፤ ስለ መድኃኒቱ አሰበች። አፏን ከፈተች። «ዘበኛው» አለች። ከዚያ ወዲያ አልወጣላትም።

«ለአሠሪሽ መንገር ይኖርብኛል» አሉ ዳኛው።

«ይንገሯት» ልትል ነበር፤ አልደፈረችም። በምትኩ ምላሷ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

«ደራሲ ያስለወጠውን መስመር ደራሲው በእጁ ይሰርዛል፣ ይፈርምበታልም። የቤቱ ሕግ ነው።»

እንዲህ የሚባል ሕግ ኖሮ አያውቅም፤ ሐሰቱን ግን በሷ አፍ ሳይሆን በገዛ እጃቸው ይመልሱት።

ጋሽ ሰረዝ በዝግታ ቀዩን እስክሪብቶ ለዳኛው ዘረጉ። «ነው» አሉ። «ጥንትም ያለ ሕግ ነው።»

ዳኛው ሕግ ሲባል እጃቸው ይታዘዛል። እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ አጎንብሰው ‹ቁልፉ ሁለት ነበር› የሚለውን እያዩ ቆዩ። በመካከሉ ቀና ብለው ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ፤ የሚከለክላቸው ሰው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ማንም አልከለከላቸውም። ሰረዙት። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። በሥሩ ቃሉ አሁንም ይነበባል። ጋሽ ሰረዝ ቀድመው ከሰረዙት፣ ዘበኛው ከሚንበረከክበት መስመር አጠገብ ‹ይቆይ› ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ።

«ሌላ ሕግ አለ?» አሉ እስክሪብቶውን እየመለሱ።

«የለም» አሉ ጋሽ ሰረዝ።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አንሥተው የበሩን እጀታ ያዙ። አንባቢዋ ተቀምጣለች። በሩ ወንበሯን ነካና ቆመ።

«ልለፍ» አሉ።

«ምዕራፉን ልሰር» አለች።

ገጾቹን ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገች ጠርዛቸውን አስተካከለች። የተፈረመበትን ገጽ በቦታው አገባች። ሲባጎውን በቁም አዞረችው፤ በአግድም አዞረችው። ዳኛው በሩን እንደያዙ ቆመዋል። አባቷ ማታ ስለ ንቦቹ ይጠይቃታል፤ ዛሬ ምን እንደምትለው አላወቀችም። ቋጠሮውን ሳትቸኩል አጠበቀች፤ ትርፉን ክር በመቀስ ቆረጠች። ከዚያ ተነሥታ ጥቅሉን ለኅትመት ከሚሄዱት ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።