ባለቤት ያለው ልጅ

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ልጅ ታውቂዋለሽ?»

ወለተጻድቅ በዚያ ጠዋት ወደ ገበያ እየሄደች ነበር። ዘንቢሏን በክንዷ እንዳንጠለጠለች ቆመች። ከመንገዱ ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሦስት ወጣቶች ተጋድመዋል። መካከል ላይ ያለው ልጇ ወንድይፍራው ነው። ጫማ የለውም። ጠያቂው፣ ጠመንጃ የያዘው አብዮት ጥበቃ፣ የሚያየው ሬሳዎቹን ሳይሆን የመንገደኛውን ፊት ነው። ያለቀሰ ሰው የሟች ዘመድ ነው፤ የሟች ዘመድ ደግሞ የአብዮት ጠላት ነው። እንዲህ እየተባለ ስንቱ ከመንገድ እንደተወሰደ ሰፈሩ ያውቃል።

ቤት ውስጥ ደግሞ የወንድይፍራው ታናሽ እህት ብርቱካን አለች። ገና ልጅ ናት። እናትየው ከተያዘች እሷም አትቀርም።

ወለተጻድቅ «አዎ» አላለችም፤ «አላውቀውም»ም አላለችም። አንገቷን ደፍታ አለፈች። ገበያ ገብታ ሽንኩርት ገዛች። እንዴት አድርጋ እንደመረጠችው ግን አታውቅም። ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ሽንኩርቱን መሬት ላይ ዘረገፈችው፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተንበረከከች። ብርቱካን ምንም ሳይነገራት ገባት።

ማልቀስ ስለተከለከለ ለቅሶ መድረስም የተከለከለ ነው። ቢሆንም ጎረቤት ከመምጣት አልቀረም። መጀመሪያ የመጣችው አበበች ናት፤ የመድኃኔ ዓለምን የጽዋ ማኅበር የምትመራ፣ ድምፅዋ ከአንዱ መንደር ሌላው መንደር የሚሰማ ሴት።

«ወለተጻድቅ! ያቺ ቀዥቃዣ ዶሮዬ እዚህ አልገባችም?» ብላ ከአጥሩ ውጭ ጮኸች።

ከገባች በኋላ በሩን በጀርባዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችና ወለተጻድቅ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። እኔም አይቼዋለሁ። አታልቅሺ! ይሰማሉ፣ አታልቅሺ!»

«እኔ መቼ አለቀስኩ እትዬ?»

«ለራሴ ነው የምለው» አለች አበበች፣ እንባዋን በመዳፏ እየሞዠቀች። ትንሽ ቆይታ ስትወጣ ደግሞ እንደገና ጮኸች። «ካየሻት ወጥ ሳታደርጊያት ንገሪኝ እንግዲህ!»

ሌሎቹም እንዲሁ ሆኑ። አንዷ ጨው ልትበደር፣ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ ስለ ውሃ ቦኖው ወረፋ ልትጠይቅ እየመጡ በጆሮዋ «እግዜር ያጥናሽ» ብለዋት ይሄዳሉ። በዚያ ሳምንት ከወለተጻድቅ ቤት ያልተፈለገ ዶሮ፣ ያልተዋሱት ዕቃ አልነበረም።

ያለ ምክንያት የመጣችው ዋጋነሽ ብቻ ናት።

ዋጋነሽ ከጓሮ ያለችው ጎረቤት ናት። ከወለጋ መጥታ ሰፈሩ ውስጥ ዓመታት ኖራለች። ጴንጤ ስለሆነች ወለተጻድቅ ቤቷ ገብታ ውሃ ጠጥታ አታውቅም። ወንድይፍራው ሕፃን ሳለ እዚያ ሲጫወት ካገኘችው ጆሮውን ይዛ ነበር የምታወጣው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለቻት ወለተጻድቅ።

«ምንም። አብሬሽ ልቀመጥ ብዬ ነው እትዬ።»

ተቀመጠች። ብርቱካን ከጓዳ ሆና ታያቸዋለች።

ትንሽ ቆይታ ዋጋነሽ «ብስክሌቷ የት ሄደች?» አለች።

«የቷ ብስክሌት?»

«የወንዴ። እኔ በር ላይ የሚጠግናት።»

ወለተጻድቅ ብስክሌቷን ታስታውሳለች። ወንድይፍራው አየር ጤና ጋራዥ ከመቀጠሩና እዚያው ቤት ከመከራየቱ በፊት፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መፍቻውን ይዞ ከዋጋነሽ በር ፊት ይቀመጥ ነበር። ወለተጻድቅም ትቆጣዋለች። «መካኒክ እሆናለሁ የሚል ልጅ አንዲት ብስክሌት ያቅተዋል? ከመናፍቅ በር ሌላ ቦታ ጠፋ?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። «እማዬ፣ ይቺ ብስክሌት እኮ ሥር የሰደደ በሽታ ነው ያለባት» ይላታል።

«ምንም አልነበረባትም» አለች ዋጋነሽ። «የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እኛ ቤት ነበር የምንሰበሰበው። እሱ በር ላይ ሆኖ ይጠብቀናል። የቀበሌ ጥበቃዎቹ ብቅ ሲሉ የብስክሌቷን ደወል ይደውላል፤ እኛ መዝሙሩን እናቆምና የሽሮ አተር እንለቅማለን። አንድ ቀን ‹ለምን አትገባም ወንዴ?› አልኩት። ‹እኔ በዚህ አላምንም› አለኝ። ‹ታዲያ ምን አስቀመጠህ?› ብለው፣ ‹እናቴ ስትጸልይ የሚነካት ሰው ቢኖር አልወድም። የእናንተም ያው ነው› አለኝ።»

ወለተጻድቅ አንገቷን ደፋች። እሷ የምታውቀው ወንድይፍራው የሚቀልደውን ነው። በየወሩ በሃያ ሰባት ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ስትሄድ ጧፍ ገዝቶ ይሰጣትና፣ «የእኔንም ጨምረሽ ጸልይልኝ፤ እኔ ስብሰባ አለብኝ» ይላታል። ስብሰባው ምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። ልጇ ከእግዚአብሔር ርቋል ብላ ስታለቅስ ብዙ ሌሊት አድራለች። አሁን ግን፣ ያ የራቀ ልጅ በማያምንበት ደጅ ላይ ለሌሎች ጸሎት ዘብ ቆሞ እንደነበር ሰማች።

በማግሥቱ ወደ ቀራንዮ ወጣች። ከቅጽሩ በር ስትደርስ እግሯ አልገባ አላት። ከውጭ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። የነፍስ አባቷ መምሬ ሀብተሥላሴ አይተዋት መጡ።

«ምነው ከውጭ?»

«የልጄን ስም ያልጠራ አፍ የእግዚአብሔርን ስም ይጥራ አባቴ? አታውቂውም ወይ ሲሉኝ ዝም አልኩ።»

መምሬ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳለሟት።

«ክርስትና ሲነሣ ማን አልነው?»

«ገብረ መድኅን።»

«ይሄን ስም ቀበሌው ያውቀዋል?»

«ከየት አውቆት!»

«እግዚአብሔር የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ያ መንገድ ዳር የጣለው ሰው ስሙን ጠይቆ አላገኘውም፤ ጌታው ግን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። አንቺም ዝም ስትዪ ምን በሆድሽ እንደነበረ ያውቃል። ይልቅ ነይ ግቢ። ፍትሐቱን እኔ አደርሳለሁ። ለቅሶውን ደግሞ ከአበበች ጋር እንመካከርበታለን።»

ገባች። ያን ቀን ከመቅደሱ ፊት የጸለየችው አጭር ነበር። «ጌታዬ፣ ፈሪ ነኝ። ፈሪነቴን አንተ ያዝልኝ» አለች። ስትመለስ ፍርሃቷ እንዳለ ነው። ብቻዋን የተሸከመችው ግን አልመሰላትም።

የሃያ ሰባቱ ጽዋ ተራው የአበበች ነበር። አበበች ለወለተጻድቅ ለቀቀችላት። ማኅበርተኞቹ እንደወትሮው ነጭ ለብሰው፣ ዳቦና ጠላው ቀርቦ፣ ጽዋው በጥለት ተሸፍኖ ተቀመጡ። ማንም የመጣበትን ነገር አላነሣም። ዋጋነሽም ወንፊት ይዛ በጓሮ በር ገብታ ከብርቱካን አጠገብ ቆመች። መምሬ ሀብተሥላሴ ጸሎቱን ሲያደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ገብረ መድኅን» ብለው ነፍሱን እንዲያሳርፍ ለመኑ። ሁሉም «አሜን» አሉ። የአንዳንዶቹ «አሜን» ተሰበረ።

በሩ ተከፈተ። ያው ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ የነበረው አብዮት ጥበቃ ነው። ጥሩነህ ይባላል፤ በቅርቡ ከአስኮ ተዛውሮ የመጣ ስለሆነ የሰፈሩን ሰው ገና አልለየም።

«የምን ስብሰባ ነው?»

አበበች ቀድማ ተነሣች። «የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ነው ጓድ። ሃያ ሰባት እኮ ነው ዛሬ። ጠላ ይቅመሱልን እንጂ!»

«ሥራ ላይ ነኝ።» ዓይኑ ዋጋነሽ ላይ ቆመ። እሷን ያውቃታል፤ ቤቷን ሁለት ጊዜ ፈትሿል። «አንቺ ጴንጤዋ አይደለሽም? ከመቼ ወዲህ ነው ጽዋ የጀመርሽው?»

«ወንፊት ልዋስ ነው የመጣሁት።»

«እጅሽ ላይ ያለውስ?»

ዋጋነሽ እጇን አየች። «ይሄ... የጤፍ ነው። እኔ የምፈልገው የበርበሬ ነው።»

አንዷ ማኅበርተኛ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ጥሩነህ ወደ መምሬ ዞረ።

«ገብረ መድኅን ስትሉ ከውጭ ሰምቻለሁ። ማነው እሱ?»

«የእግዚአብሔር ባሪያ ነው ልጄ።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«አሁንማ ከጌታው ዘንድ ነው።»

«የጥንት ሰው ነው ጓድ» አለች አበበች ፈጠን ብላ። «ይህንን ማኅበር ያቋቋመ ሽማግሌ ነው። በየዓመቱ እናስበዋለን።»

ጥሩነህ ትከሻው ላላ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው መልሶ ብርቱካን ያቀረበችለትን ዳቦ ተቀበለ። ነገሩ አለቀ፤ ሁሉም ተነፈሰ። አንዴ ገምጦ ወደ በሩ ሲዞር እንደ ቀልድ ተናገረ።

«ደህና ነው ለሽማግሌው፣ ይህን ያህል አስታዋሽ አለው። የዚያን ቀን መንገድ ዳር መካከል ላይ የነበረው ልጅ አሳዘነኝ። ሬሳው እስኪነሣ ድረስ ቆሜ አንድም ሰው አልጠየቀውም። ባለቤት የሌለው ነው። እናትም የለችውም።»

ወለተጻድቅ ብርቱካንን አየቻት። ብርቱካን የጠላውን ማሰሮ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሣችም። «ተዪው» አላለቻትም። ወለተጻድቅ ዝም ካለች ልጇ እንደምትተርፍ ታውቃለች። ዝምታው ግን አሁን የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ብርቱካንም ዕድሜ ልኳን የምትሸከመው ሊሆን ነው። ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣ በሁሉም ፊት፣ ዘቅዝቃ ለበሰች።

«ባለቤት አለው» አለች።

ጥሩነህ ዞረ።

«ያን ቀን ጠይቀኸኝ ነበር፤ አልመለስኩልህም። አውቀዋለሁ። ወንድይፍራው ነው ስሙ። ገብረ መድኅንም እሱ ነው። ወልጄዋለሁ፣ ቀራንዮ ክርስትና አስነሥቼዋለሁ፣ አሳድጌዋለሁ። እናት አለው። እህት አለው።»

ጥሩነህ የቀረውን ዳቦ መልሶ መሶቡ ላይ ሲያስቀምጥ ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ከዚያ ጮኸ።

«ለጽዋ የመጣ ይውጣ! ጽዋው አልቋል። ከአሁን በኋላ እዚህ ቤት የተገኘ ለቀስተኛ ነው፤ ለሊቀመንበሩ አመለክታለሁ።»

ሴቶቹ መነሣት ጀመሩ። ዓይን ለዓይን አይተያዩም። አበበች ግን አልተነሣችም። ወለተጻድቅ አጠገቧ ሄዳ ጎንበስ አለች። አበበች ቤት ቆጥ ላይ የተደበቀ ልጅ እንዳለ ታውቃለች።

«ሂጂ እትዬ። ያንቺ ገና በሕይወት አለ። ሂጂ ጠብቂው።»

አበበች እጇን ሳመቻትና ወጣች። በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ጩኸቷ አልተሰማም።

ጥሩነህ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ወለተጻድቅ ቤቱ መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ታፍኖ የኖረው ልቅሶ ወጣ። «ወንዴ! ወንድይፍራው!» ስትል ስሙ ከቤቱ አልፎ መንደሩ ውስጥ ተሰማ። ብርቱካን እላይዋ ላይ ወደቀች። ጥሩነህ ትንሽ አያትና መንገዱን ይዞ ሄደ። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም ሊይዛት የመጣ ሰው የለም።

ማኅበርተኞቹ ሄዱ። አበበች ሄደች። መምሬ ሀብተሥላሴ ዳዊታቸውን ዘርግተው ቀሩ። ዋጋነሽ ወንፊቷን ግድግዳው ላይ ሰቀለችና ከወለተጻድቅ ጎን መሬት ተቀመጠች፤ ቀረች።