ሄለንን ያላስገባው ስልክ

የክሊኒካችን ባለቤት ጋሽ አባተ እንግዳ ፊት ካፈሩ ሰንብተውም ፊታቸው አይፈታም። ያን ቀን ከተማችን መካነ ሰላም የመጣችው እንግዳ ሄለን ናት፤ የሠራሁት የስልክ መተግበሪያ ለሰርጎ ገብ የማይበገር መሆኑን እንድትመረምር ከአዲስ አበባ የተላከች። እሷ ካላሳለፈችው በዙሪያችን ያሉት የከላላና የደጎሎ ታካሚዎች የላብራቶሪ ውጤታቸውን በስልካቸው አያገኙም፤ የእኔም ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ሄለን ላፕቶፗን በመሞከሪያው ስልክና ውጤቶቹ በሚቀመጡበት ሰርቨራችን መካከል አስገባች። ፕሮክሲ ይሉታል። የተመሰጠረውን መልእክት መሃል ላይ ተቀብሎ ከፍቶ ያነባል፣ መልሶ አሽጎ ያሳልፋል። ለስልኩ የራሱን ሰርቲፊኬት፣ ማለትም ዲጂታል መታወቂያውን፣ እያሳየ «ሰርቨሩ እኔ ነኝ» ይላል። የእኔ መተግበሪያ ግን ሰርቲፊኬቱን የፈረመውን ስላላወቀ ግንኙነቱን ዘጋ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ዘጋ።

እኔ ውስጤ ይጨፍራል፣ ጋሽ አባተን ላብ አጠመቃቸው። ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ።

«ኧረ አፈር ስሆን ሀያት! ያን ሁሉ መንገድ የመጣች እንግዳ በር ላይ ትቁም? ያውም በወሎ ምድር? ክፈችላት እንጂ።»

«አልከፍትም፣ ጋሼ።»

«አትችይም?»

«እችላለሁ። ሰርቲፊኬት ማጣራቱን ማጥፋት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ግን እንዲያ ለእሷ ከተከፈተ፣ መናኸሪያው ጋ ዋይፋይ ዘርግቶ ለሚያደባ ሁሉ ይከፈታል። የሰው የደም ውጤት ነው፤ ወላሂ አላደርገውም።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሄለን ብቅ አለች። «ብታጠፊው ኖሮ እጥልሽ ነበር» አለችኝ። «ብዙ ቦታ አጥፍተውት አግኝቻለሁ። አሁን ውስጡን እንዳየው፣ መሞከሪያው ስልክ ብቻ የእኔን ሰርቲፊኬት እንዲያምን አድርጊልኝ።»

እሱንም ዝም ብዬ አልተቀበልኩም። የሰርቲፊኬቷን መለያ ጮክ ብላ እንድታነብ አደረግኩና ስልኩ ላይ ከመጣው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ገጠመ፤ ያኔ አስገባኋት። የታካሚዎቹ ስልክ ግን ለእሷ እንደተዘጋ ነው። ሄለን ስትመረምር ውላ «አልፏል» አለች። ኮራሁ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ጋሽ አባተ እንግዳቸውን ሸኝተው ተመለሱና ላብራቶሪው ውስጥ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ደሜን ለማስመርመር ደሴ ድረስ የምሄደው ለምን ይመስልሻል?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እዚህ ውጤቴ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አገር እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው።»

የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

«በይ ባለሙያውን ጥሪልኝ። ውጤቴም አንቺ በሠራሽው ይምጣልኝ።»