የሰባ ሁለቱ የሠርግ ወረቀት

ዘርእማርያም የድሮ የግጥም ወረቀት ይሰበስባል። መጽሐፍ አይደለም፤ ባለ ግጥሙ በአንዲት ገጽ አሳትሞ በየቡና ቤቱ እየዞረ የሚሸጠው፣ በሠርግና በተዝካር ለእንግዳ የሚታደለው ወረቀት ነው። ሰው አንብቦ ስኳር ይጠቀልልበት ነበር። እሱ ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አጠራቅሞ፣ በስደት በሚኖርበት በፈረንጅ አገር፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ፎቅ ላይ ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ፣ በንጹሕ የፒዛ ካርቶን ደርድሯቸዋል። ለእያንዳንዱም ካርድ ጽፎለታል፦ የመጀመሪያው ስንኝ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ዓመቱ።

ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን አሥመራ ሳለ ማተሚያ ቤት እየለቀመ ቃል የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ነበር። የማተሚያው የእርሳስ ብረት ፊደል እንደ ሽማግሌ ጥርስ ነው፤ አንዴ ከተሸረፈ አይመለስም። ስለዚህ ዓመት የሌለው ወረቀት ሲገጥመው ማጉሊያ መስተዋቱን አንሥቶ የፊደል ስብራት ይፈልጋል። ፊደሉ ደኅና ሆኖ የታተመው ቀዳሚ፣ ተሸርፎ የታተመው ተከታይ ነው።

ወርቂቱ ይህን ሰምታ ነው የመጣችው። ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ የምትኖር፣ ሆቴል የምታጸዳ ሴት ናት። ወንድሟ ኤዶሳ ገጣሚ ነበር። በአበሻ አቆጣጠር በ1970 ታኅሣሥ ላይ ወታደሮች አዲስ አበባ ከቤቱ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውም የለ። አፕል ቫሊ ያሉ ዘመዶቿ፣ ሃያ ዓመት ሞላ፣ ለቅሶ ተቀመጪና ይለቀስለት ብለው ቀኑን በጥር ለአንድ ቅዳሜ ቆርጠውላት ነበር። እሷ ግን መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ፣ ወንድምን በገዛ እጅ መቅበር ሆኖባታል።

በፌስታል ጠቅልላ ያመጣችው ወረቀት የኤዶሳ ግጥም ነው፤ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ ሰው የሰጣት። ዓመት የለውም። አንዲት ቃል ግን በብዕር ተጨምራበታለች። ኤዶሳ ማተሚያ ቤቱ የዘለለውን በየወረቀቱ በእጁ ሳይሞላ አይሸጥም ነበር፤ የእጅ ጽሑፉን ደግሞ እኅቱ ታውቀዋለች።

ዘርእማርያም ማጉሊያውን አነሣ። የርእሱ ትልቋ «መ» ጎኗ ተሸርፏል። ከካርቶን የዚያኑ ማተሚያ ቤት የሠርግ ግጥም አወጣ፤ እዚያ ያቺው «መ» ደኅና ናት፤ ከግርጌው 1972 ይላል። እንግዲያው፣ አላት፣ በሰባ ሁለት ካልተሸረፈች፣ የወንድምሽ ወረቀት ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው። በተወሰደ በሁለት ዓመቱ ብዕር ይዞ ያርም ነበር ማለት ነው።

ወርቂቱ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች። ለቅሶው ቀረ። በማግሥቱ የስልክ ካርድ ይዛ አዲስ አበባ፣ ካርቱም፣ ናይሮቢ ትደውል ጀመር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከታች ፎቅ የሚኖረው ወልዱ፣ አብሮት ከአገር የወጣ የድሮ ጓደኛው፣ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ካርቶኖቹን ሲያገላብጥ በዚያች የሠርግ ወረቀት ሳቀ።

«ይኼን ሠርግ እኮ በልቻለሁ። ጥብሱ ሳይደርሰኝ አለቀ፤ እስከ ዛሬ ቂሜ አልወጣም።»

ዘርእማርያምም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «እኔና አንተ ሱዳን የገባነው በአበሻ ስልሳ ስድስት አይደለም እንዴ? የሰባ ሁለቱን ሠርግ እንዴት በላህ?»

«በፈረንጅ ነዋ! ሙሽራው የአሥመራ ልጅ ነው። የእኛ የአሥመራ ሰው ከመቼ ወዲህ በአበሻ ቆጥሮ ያውቃል? አንተስ የተወለድክበትን በምን ትቆጥራለህ?»

በፈረንጅ 1972፣ በአበሻ ስልሳ አራት ነው። ኤዶሳ ከመወሰዱ ስድስት ዓመት በፊት። ዕድሜውን በፈረንጅ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ ታተመ ብሎ በአበሻ ቆጠረው። የወርቂቱ ተስፋ በዚያች አኃዝ ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርእማርያም መቀመጥ አቃተው። ስልኩን ያነሣል፣ ይመልሳል። በሊፍት ወርዶ እስከ በሩ ይሄድና ብርዱን አይቶ ይመለሳል። ሻዩን አፍልቶ ይረሳዋል። ዝም ብልስ፣ ይላል ለራሱ፣ ማን ያውቅብኛል? ሴትዮዋ ሳቅ ጀምራለች። ይህን ሲል ካርቶኖቹ ሁሉ የሚያዩት ይመስለዋል።

ሐሙስ ዕለት ራሷ ደወለችለት። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃለች፤ ናይሮቢ ሄዳ በስደተኛው ሰፈር የኤዶሳን ፎቶ እያሳየች ልትጠይቅ ነው። መረቀችውም። እሱ ስልኩን ዘግቶ ወደ ታች ፎቅ ወረደ።

ለወልዱ ሁሉን ነገረው፤ አሁኑኑ ደውዬ ልንገራት አለው።

«በስልክ?» አለ ወልዱ። «መርዶ በስልክ ይነገራል?»

«መርዶ አይደለም። መሞቱን እኔ አላውቅም።»

«እሷ ዘንድ ሲደርስ መርዶ ነው። ብቻህንም አትሄድም። ነገ ማለዳ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

በማግሥቱ ገና ጎህ ሳይቀድ በሯን አንኳኩ። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን አሥራ ሳትጨርስ ከፈተች። ሁለት ሽማግሌዎች በዚያ ብርድ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። በሩን ወለል አድርጋ ገለል አለችላቸው።

«ልጄ» አለ ዘርእማርያም፣ «ሞተ አልልሽም። እኔ ዓመቱን ተሳስቼ ነው። ያ ወረቀት ከመወሰዱ በፊትም የታተመ ሊሆን ይችላል። መኖሩን ያወቅን መስሎኝ ነበር፤ አናውቅም።»

እስኪጨርስ ሰማችው። «ጋሼ» አለች፣ «ሃያ ዓመት በዚህ ሰዓት በሬን የሚያንኳኳ ሽማግሌ ስጠብቅ ኖርኩ። ዛሬ መጣችሁ።» ሻሿን ፈታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያም የወንድሟን ስም እየጠራች አለቀሰች። ዘርእማርያም ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ከጎኗ ተቀመጠ።

ለሆቴሉ መነገር ነበረበት። ወልዱ ከግድግዳው ስልኩን አንሥቶ በተሰባበረች እንግሊዝኛው፣ ወርቂቱ ዛሬ አትመጣም፣ ወንድሟ ሞቶባታል አላቸው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንድ ነገር ጠየቀው። ወልዱ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ ዘርእማርያም ዞረ።

«መቼ ነው የሞተው ይሉኛል።»

ዘርእማርያም ሴትዮዋን አየ። ኪሱ ውስጥ ለኤዶሳ ግጥም የጻፈው፣ ዓመቱን የሰረዘበት ካርድ አለ፤ በቦታው ገና ምንም አልጻፈም።

«ዛሬ በላቸው» አለ።