መሬቱ ያልተጠራበት ሽምግልና

«ነገ ሽማግሌ ስለሚመጣ ቤት ሁኚ» አላት አባቷ አሕመዲን፣ የሱቁን ቁልፍ እያነሳ።

«ለምን?»

«ሊያስታርቁሽ ነዋ። ከዝናው ጋር።»

ሀኒያ ሳቋ መጣ፤ ሳይወጣ ግን ወደ ንዴት ዞረ። ከዝናው ጋር መቼ ተጣላች? ዝናው የትምህርት ቤት አሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። አዲሱን ትምህርት ቤት ከሐይቁ ዳር፣ ሜዳው ላይ ሊሠራ ድንጋይ አስቆልሏል። እሷ የሥነ ምድር ባለሙያ ናት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ጀልባ ላይ ሆና ወደ ሐይቁ ወለል ረጃጅም ቱቦ እየሰደደች ደለል ስታወጣ ከርማለች። ያ ሜዳ በድሮ ዘመን ተንዶ ውኃ ውስጥ እንደገባ ደለሉ ይናገራል። ይህንኑ ለኮሚቴው ተናገረች፤ ከሜዳው በላይ ዳገቱ አለት ላይ ይሠራ አለች። ጠብ የተባለው ይኸው ነው።

ከተማው አልሰማም አይባልም፤ ሰምቷል። የሰማው ግን የመሬቱን መናድ ሳይሆን የሁለት ሰው መቃቃር ነው። በምን ተለያዩ ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ሸህ አብደላ ከፊት፣ አቶ ወልዴ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ። በሐይቅ ከተማ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ሰው ያልተቀመጠበት እርቅ እርቅ አይባልም። ዝናውም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው፤ ተበዳይ መምሰል ያውቅበታል። አሕመዲን የተጠበሰ ዓሣ አቀረበ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አልሰነዘሩም።

«እሺ ሳትይን ከዚህ ቤት እህል አንቀምስም» አሉ ሸህ አብደላ።

ሀኒያ ይህ እንደሚመጣ ታውቃለች። ስለዚህ እሷም የራሷን አቅርባለች፤ ከላይ እስከ ታች ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ከነደለሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ አግዳሚው ላይ ተጋድሟል። ገለጠችው።

«የሐይቁ ወለል ይህ ነው። ጥቁሩን ጭቃ ተመልከቱ፤ ቀስ እያለ ዓመት በዓመት ላይ የተኛ ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ጠጠር፣ አሸዋ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የደንገል ሥር። የዳር አፈር ነው፤ መሐል ሐይቅ ምን አመጣው? ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሆኗል። በአንድ ጊዜ ተንዶ የወረደ ነው።»

«ጎርፍ ይሆናላ» አለ ዝናው።

«ጎርፍ ቢሆን ይህን ሐይቅ መትቶ ጎረቤቱን አርዲቦን ሊተው ይችላል። አርዲቦ ሐይቅም ቱቦ ሰደናል። የዚያም ዳር በዚያው ዘመን ተንዷል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የናዳቸው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ደግሞ አንዴ ብቻ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ሌላ አለ፣ ከሱም በታች ሌላ።»

«ሌላው ሰው ስኒ ያነባል፤ የአሕመዲን ልጅ ጭቃ ታነባለች!» አለ ዝናው።

ሁሉም ሳቁ። አባቷ ጭምር። ጥርሷን ነከሰች።

«ልጆች የሉህም አንተ?»

«ሦስት አሉኝ። በፈረቃ፣ ባንድ ወንበር ለአራት ተጣብቀው ይማራሉ። ዳገቱ ላይ ስንሠራ አለቱን ለመደልደል ብቻ ዓመት ይፈጃል። አንቺማ ምን ቸገረሽ፤ ተምረሽ ጨርሰሻል።»

እውነቱን ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር።

አቶ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በቃ፣ ገብቶናል። ልጄ፣ ከውኃው ስንት ይራቅ ነው የምትይ?»

«ሁለት መቶ ሜትር። አለቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።»

«ዝናው፣ አንተስ?»

«አርባ።»

ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። የሸህ አብደላ ፊት በራ።

«መቶ ሃያ ይሁን! አንቺም ትንሽ ተዪ፣ እሱም ትንሽ ይተው። መሐሉን ያዙ፤ አልሐምዱሊላህ!»

ሀኒያ ወደ ሸህ አብደላ ዞረች። የድንበር ክርክር አደረጉት!

«መሐሉም ይናዳል እኮ! ሁለት መቶውን እኔ መሰለዎት ያወጣሁት? የምተወው የራሴ ነገር የለኝም!»

«ኧረ ቀስ! ሽማግሌ ፊት ነሽ» አለ አባቷ።

«ቀስ ብዬ ስናገር ማን ሰማኝ?»

«ልጄ» አሉ አቶ ወልዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኛን ከመለስሽ የምታሳፍሪው እኛን አይደለም።» አሕመዲን ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«እሺ» አለች።

ሸህ አብደላ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

«ዋስ ግን ይጠራልኝ።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ዋስ መጥራት መብቷ ነው። ዋስ ያልቆመበት እርቅ አይጸናም፤ ቃል ሲፈርስ የሚጠየቀው ዋሱ ነው።

«ለዝናው እኔ አለሁ» አሉ አቶ ወልዴ።

«ከዝናው ጋር ጠብ የለኝም። መቶ ሃያው ሜትር ላይ ያለው መሬት አይናድም ብሎ የሚዋስልኝ ነው የምፈልገው። ከናንተ አንዳችሁ ቁሙ። የተናደ ቀን የልጆቹ አባቶች ፊት የሚቀርበው እሱ ይሁን።»

አቶ ወልዴ ምርኩዛቸውን ማገላበጥ ያዙ።

«ሸህ አብደላ፣ እርስዎስ?»

«ለአላህ ሥራ ማን ዋስ ይሆናል?»

«እንግዲያው በእሱ ስም አያስታርቁኝ።»

«ሀኒያ!» አባቷ ብድግ አለ።

ሸህ አብደላ እጃቸውን ሰበሰቡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ፈርተዋል። «ዋስ በሌለበት ዱዓ አላደርግም» ብለው ወጡ። አቶ ወልዴም ተከተሏቸው። እህል የቀመሰ የለም።

ዝናው በሩ ላይ ዞረ። ማስመሰሉ ለቆታል። «ደስ አለሽ? ሸህ አብደላ ዱዓ ያላደረጉበትን መሠረት ማን ይቆፍርልኛል?»

«አለቱ ላይ ቆፍሩ።»

«ሌላ ዓመት ጠብቁ ብለሽ ለልጆቹ አንቺው ንገሪያቸዋ!»

ሳምንት ሳይሞላ ኮሚቴው ወደ ዳገቱ ለመውጣት ወሰነ። ሀኒያ ምክንያቱን ስትሰማ ደሟ ፈላ፦ ለሜዳው ዋስ ጠፋ ተባለ። ስለ ደለሉ የተነሳ ነገር የለም። ቱቦውን ልይ ብሎ የመጣም የለም። ነገ አንድ ደፋር ተነስቶ «እኔ እዋሳለሁ» ቢል ድንጋዩ ተመልሶ ሜዳው ላይ ሊቆለል ነው።

ወደ ሥራዋ ልትመለስ ቱቦውን ታቅፋ ባጃጅ ያዘች። ነጂው በመስታወቱ አያት።

«ሽማግሌ የመለስሽው አንቺ ነሽ?»

«ሜዳው ይናዳል።»

«እሱስ ይሁን። ሽማግሌ እንዴት ይመለሳል?»

«አቁም» አለች። ቱቦውን ከነላስቲኩ መንገድ ዳር አጋድማ ትፈታው ጀመር። «ውረድና እይ።»

«እህቴ፣ እኔ እኮ ቸኩያለሁ!»

«እኔም ቸኩያለሁ። ውረድ።»